በደጋ አካባቢ አልፎ አልፎ ለሚያገለግሉ አነስተኛ ክፍሎች የማሞቂያ ዘዴ አመራረጥ፦ ሰቆጣና የዋግ ኽምራ ደጋማ ቀበሌዎች

በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ደጋማ ቀበሌዎች ከዋናው ቤት ተነጥለው የሚሠሩ አነስተኛ ክፍሎች ብዙ ናቸው። የእንግዳ ማረፊያ፣ የጥበቃ ቤት፣ የቀበሌ መሰብሰቢያ፣ የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ቢሮ፣ በጤና ጣቢያ ግቢ የሚገኝ የእናቶች ማቆያ ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ። የጋራ ጠባያቸው በየዕለቱ ሰው የማይገባባቸው መሆኑ ነው። ለቀናት ወይም ለሳምንታት ተዘግተው ይቆዩና አንድ ምሽት በድንገት ሰው ያድርባቸዋል። በዚያ ምሽት ክፍሉ እንደ ውጭው አየር ቀዝቅዞ ስለሚገኝ፣ በአብዛኛው በእጅ ያለው ፈጣን መፍትሔ ይወሰዳል፤ እርሱም በምድጃ የጋመ ከሰል ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያሉ ክፍሎችን በአነስተኛ ወጪና ለሕይወት በማያሰጋ መንገድ ለማሞቅ የሚያስችሉ አማራጮችን ያብራራል።

የአካባቢው ቅዝቃዜ ጠባይ

የሰቆጣ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ይህም በተለምዶ ወይና ደጋና ደጋ የሚገናኙበት ወሰን አካባቢ ነው። ዞኑ ግን አንድ ዓይነት የአየር ንብረት የለውም። የአበርገሌና የዝቋላ ወረዳዎች ወደ ተከዜ የሚወርደው ክፍላቸው ሞቃት ቆላ ሲሆን፣ በደሃናና በጋዝጊብላ ወረዳዎች ከሰቆጣ ከተማ ከፍ ብለው የሚገኙ ቀበሌዎች አሉ። በየ1,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ሙቀት በአማካይ ከ6 እስከ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀንስ፣ በ3,000 ሜትር ላይ ያለ መንደር ከሰቆጣ በ5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በከተማው በቂ ሆኖ የተገኘ ማሞቂያ በተራራው ላይ በቂ ላይሆን ይችላል፤ ወደ ተከዜ ዳር ደግሞ ጨርሶ አያስፈልግም።

ቅዝቃዜው ሁለት መልክ አለው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ጥርት ስለሚል ቀን የተሰበሰበው ሙቀት ሌሊት በፍጥነት ወደ ሰማይ ይበተናል፤ ከፍ ባሉ ቦታዎች ውርጭ ይወርዳል። ቀኑ ግን ፀሐያማ ነው። በክረምት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ያን ያህል አይበረታም፤ ሆኖም ፀሐይ ስለምትሸፈንና እርጥበቱ ስለሚከብድ ክፍሉ ቀንም ሌሊትም አይሞቅም። የማሞቂያ ምርጫ ሲደረግ ክፍሉ በአብዛኛው ጥቅም ላይ የሚውለው በየትኛው ወቅት እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ሙቀቱ በየት በኩል ይወጣል?

ማሞቂያ ከመገዛቱ በፊት ክፍሉ ሙቀት የሚያባክነው በየት በኩል እንደሆነ ማየት ወጪን ይቀንሳል። ለምሳሌ 3 ሜትር በ4 ሜትር ስፋትና 2.5 ሜትር ቁመት ያለው፣ ግድግዳው 50 ሴንቲሜትር ውፍረት ባለው ድንጋይ የተገነባ፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ የሆነ ክፍል እንውሰድ። ይህን ክፍል ከውጭው አየር በ10 ዲግሪ አስበልጦ ለማሞቅ በግምት 1,900 ዋት ኃይል ያለማቋረጥ ያስፈልጋል። ከዚህ ውስጥ ወደ 840 ዋት የሚሆነው በቆርቆሮው በኩል ይወጣል። ግድግዳው 640 ዋት ያህል፣ በርና መስኮቱ 150 ዋት ያህል ሲያወጡ፣ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት እንዲሁም በበሩ ሥር የሚገባው ነፋስ የቀረውን 250 ዋት ይወስዳል።

ለዚያው ክፍል ኮርኒስ ቢሠራለትና ክፍተቶቹ ቢደፈኑ የሚያስፈልገው ኃይል ወደ 1,100 ዋት ይወርዳል። ኮርኒሱ የግድ ችፑድ መሆን የለበትም። አቡጀዲ ወይም ታጥቦ የተሰፋ የማዳበሪያ ከረጢት ተወጥሮ፣ በላዩ ደረቅ ጭድ በስሱ ቢነጠፍ በቆርቆሮው ሥር የታመቀውን አየር ስለሚይዝ አብዛኛውን ጥቅም ይሰጣል። ይህ ዓይነቱ ኮርኒስ በቀላሉ እሳት የሚይዝ በመሆኑ ግን የጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ በሚተከልበት ክፍል አይፈቀድም። የሳር ክዳን ያለው ቤት በዚህ ረገድ ከቆርቆሮው ይሻላል፤ ወፍራም ሳር ራሱ ሙቀት ይይዛልና።

የድንጋዩ ግድግዳ ነገር ለብቻው ሊታይ ይገባል። ወፍራም ድንጋይ ቤት ሙቀት ይይዛል መባሉ እውነት ነው፤ ሰው በየቀኑ ለሚኖርበትና እሳት ለማይጠፋበት ቤት ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በሰቆጣ አቅራቢያ ከአለት በተፈለፈለው በውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቀንና የሌሊት የሙቀት ልዩነት እምብዛም የማይታወቀው በዚሁ ምክንያት ነው። አልፎ አልፎ ለሚከፈት ክፍል ግን ይኸው ጠባይ እንቅፋት ይሆናል። ከላይ በምሳሌነት የተወሰደው ክፍል ግድግዳ ከ35 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ይህን ሁሉ ድንጋይ በአንድ ዲግሪ ብቻ ለማሞቅ 8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይፈጃል፤ ይህም 2,000 ዋት ማሞቂያ ለ4 ሰዓት ያለማቋረጥ የሚሰጠው ሙቀት ነው። እንግዳው ከምሽቱ 2 ሰዓት ገብቶ ማለዳ የሚወጣ ከሆነ፣ ግድግዳው መሞቅ ሳይጀምር ሌሊቱ ያልቃል።

ከዚህ የሚከተለው ውሳኔ ግልጽ ነው። ለጥቂት ሰዓታት በሚያገለግል የድንጋይ ክፍል ውስጥ መሞቅ ያለበት ሰውየው እንጂ ግድግዳው አይደለም። ከአልጋው ወይም ከመቀመጫው ጎን ባለው ግድግዳ ላይ ሰሌን፣ ምንጣፍ ወይም ሌላ ወፍራም ጨርቅ መስቀል ከድንጋዩ የሚመጣውን ቅዝቃዜ ይከላከላል። በመደብ ላይ አጎዛ ወይም ቁርበት የማንጠፍ የቆየ ልማድ ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ምንም ነዳጅ ሳይፈልግ።

በከሰል ማሞቅ ለምን አደገኛ ሆነ?

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ቀለም የለውም፤ አይሸትም፤ ዓይንም አያቃጥልም። ወደ ሳንባ ሲገባ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ስለሚይዝ፣ ሰውየው እየተነፈሰም አካሉ አየር ያጣል። በኅብረተሰቡ ዘንድ በስፋት የሚታመነው ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ፣ ጭሱ አልቆ፣ ፍም ከሆነ በኋላ ጉዳት የለውም የሚል ነው። ይህ ስሕተት ነው። ጭሱ ሲያልቅ የሚጠፋው የሚታየውና የሚሸተው ክፍል ብቻ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ፍሙ እስኪከስም ድረስ ይወጣል።

መጠኑን ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። አንድ ኪሎ ከሰል ሲነድ ወደ 200 ግራም የሚጠጋ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊያወጣ ይችላል። ከላይ የተጠቀሰው ክፍል የሚይዘው አየር 30 ሜትር ኩብ ነው። በዚያ ክፍል ግማሽ ኪሎ ከሰል ቢነድና ጋዙ ባይወጣ፣ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ3,000 ሚሊግራም በላይ ይጠራቀማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰዓት የሚፈቅደው ከፍተኛ መጠን 35 ሚሊግራም ነው። ከጋዙ ከአሥር እጅ ዘጠኙ በክፍተት በኩል ቢወጣ እንኳ የቀረው ከተፈቀደው ዘጠኝ እጥፍ ያህል ይሆናል።

በቀድሞው ጊዜ በሳር ቤት መካከል እሳት እየነደደ ቤተሰብ ያድር ነበር፤ ዛሬም የሚያድር አለ። ለዓይንና ለሳንባ ጎጂ ቢሆንም በክዳኑና በግድግዳው ቀዳዳ አየር ይመላለስ ስለነበር የሞት አደጋው የተወሰነ ነበር። በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ኮርኒስ ያለው፣ መስኮቱ መስተዋት የሆነ አዲስ ክፍል ግን አየር አያስተላልፍም። ስለዚህ ለዘመናት የኖረ ልማድ ቤቱ ሲሻሻል ገዳይ ይሆናል። ክፍተትን መድፈን ሙቀት ይቆጥባል የተባለውም ጭስ ማውጫ የሌለው እሳት በውስጡ ለማይነድበት ክፍል ብቻ ነው። ሁለቱን ምክሮች አጣምሮ መፈጸም፣ ማለትም ክፍሉን ደፍኖ ከሰል ማስገባት፣ ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው።

የደጋው ከፍታ አደጋውን ያባብሰዋል። በ2,200 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል በመሆኑ፣ ሰውነት ከወትሮውም ያነሰ ኦክሲጅን ያገኛል።

ላቀች በሚል ስም የሚታወቀው የተሻሻለ የከሰል ምድጃ ከተለመደው የብረት ምድጃ ያነሰ ከሰል ይፈጃል። ይህም ለደንና ለቤተሰብ ወጪ ጥሩ ነው። ነገር ግን ላቀች መርዙን የሚያስቀር ስላልሆነ ሰው በሚተኛበት ዝግ ክፍል ውስጥ ለማሞቂያነት መዋል የለበትም።

የመመረዝ ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳትና ድብታ ናቸው። በአንድ ክፍል ያሉ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ጋዙን መጠርጠር ይገባል። የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ወደ አለመንቃት ያልፋል። እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ በርና መስኮት ከፍቶ፣ ተጎጂውን ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ሌላ መጠጥ በአፉ መስጠት ሊያንቀው ስለሚችል ክልክል ነው። ተጎጂው ነቅቶ ደኅና መስሎ ቢታይም በጤና ባለሙያ መታየት አለበት።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ

አስተማማኝ የኤሌክትሪክ መስመር ባለበት፣ ለጥቂት ሰዓት አገልግሎት ከሁሉም የሚስማማው ይህ ነው። በክፍሉ ውስጥ ምንም ጋዝ አያወጣም፤ ሲፈለግ ወዲያው ይሞቃል፤ ክፍሉ ሲዘጋም ምንም አይፈጅም። ገበያ ላይ ከሚገኙት ዓይነቶች ቀልቶ የሚበራው፣ ሙቀቱን እንደ ፀሐይ ጨረር በቀጥታ ወደ ሰው የሚልከው ዓይነት ለድንጋይ ክፍል ይመረጣል፤ አየሩ እስኪሞቅ ሳይጠበቅ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው ይሞቃልና። በዘይት የተሞላው ዓይነት ለመሞቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፤ ሆኖም ገጹ ያን ያህል ስለማይግልና የሚጋይ ሽቦው ስለማይታይ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ለሚያድርበት ክፍል ይሻላል። ማራገቢያ ያለው በሁለቱ መካከል ነው፤ አየሩን ቶሎ ያሞቃል፣ አየሩ በኮርኒስ ካልተያዘ ግን ድካሙ ለቆርቆሮው ነው።

2,000 ዋት ማሞቂያ በ220 ቮልት መስመር ላይ 9 አምፔር ያህል ይስባል። ይህ ከእንጀራ ምጣድ ግማሽ ገደማ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዋናው ቤት ወደ ተነጠለው ክፍል የተዘረጋው ሽቦ ለአንድ አምፖል ታስቦ የተሠራ ቀጭን ሽቦ ሲሆን ነው። ማሞቂያ ለሚሰካበት መስመር ቢያንስ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ፣ ተስማሚ ብሬከርና የመሬት ሽቦ በባለሙያ ሊዘረጋ ይገባል። የተጠቀለለ ማራዘሚያ ገመድ ላይ ማሞቂያ መሰካት ገመዱን ስለሚያግለው እሳት ያስነሳል። ምጣድና ማሞቂያ በአንድ መስመር ላይ በአንድ ጊዜ መሥራት የለባቸውም። ልብስ ለማድረቅ ማሞቂያ ላይ መስቀልም በክረምት የተለመደ የቃጠሎ መንስኤ ነው።

ከመስመር ውጭ ባሉ ቀበሌዎች የቤት የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ለማሞቂያ ይሆናል ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። አይሆንም። ባለ100 ዋት ሰሌዳ በጥሩ ፀሐይ በቀን ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ ይህ ለብዙ ሌሊት መብራት የሚበቃ ኃይል 1,500 ዋት ማሞቂያን ለ20 ደቂቃ ብቻ ያንቀሳቅሳል።

ፀሐይን በቀጥታ መጠቀም

ፀሐይ ለመብራት ሰሌዳ ከምትሰጠው ይልቅ በመስኮት በኩል የምትሰጠው ሙቀት ይበልጣል። ሰቆጣ በሰሜን ኬክሮስ 12.6 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ቅዝቃዜው በሚበረታበት በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ከአድማስ 54 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች። ስለዚህ በደቡብ በኩል ያለ መስተዋት መስኮት በበጋ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ያስገባል። በክረምት መግቢያ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ስለምታልፍ ይኸው መስኮት ክፍሉን ከልክ በላይ አያሞቅም። አዲስ ክፍል ለመሥራት የሚያስብ ሰው መስኮቱን ወደ ደቡብ፣ በሩን ከነፋሱ አቅጣጫ በተቃራኒ ቢያደርግ ምንም ተጨማሪ ወጪ የለበትም። መስኮቱ ሌሊት በወፍራም መጋረጃ ወይም በእንጨት መዝጊያ ካልተሸፈነ ግን ቀን ያስገባውን ማታ ያስወጣዋል። እንግዳ እንደሚመጣ በታወቀ ጊዜ ክፍሉን ከጠዋት ጀምሮ ከፍቶ ማናፈስና ፀሐይ ማስገባት፣ ከሰዓት በኋላ ወደ 9 ሰዓት ገደማ ደግሞ መዝጋት ይጠቅማል።

የጭስ ማውጫ ያለው የእንጨት ምድጃ

ኤሌክትሪክ በሌለበትና ክፍሉ ለተከታታይ ቀናት በሚያገለግልበት ቦታ፣ ዙሪያውን የተዘጋና ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ የብረት ምድጃ ተገቢ ነው። ቱቦው ከጣሪያው ጫፍ ቢያንስ 60 ሴንቲሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ካጠረ ነፋሱ ጭሱን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። በቆርቆሮው በሚያልፍበት ቦታ ከእንጨት ማገር መራቅና በዙሪያው እሳት የማይዝ ነገር መደረግ ይኖርበታል። በሳር ክዳን ቤት ውስጥ ይህ ምድጃ መተከል የለበትም።

በምሳሌው ክፍል ውስጥ ለ4 ሰዓት ሙቀት፣ ምድጃው ከእንጨቱ ሙቀት ግማሹን ለክፍሉ ይሰጣል ብንል፣ ኮርኒስ ከሌለ 3.5 ኪሎ ያህል ደረቅ እንጨት ይነዳል፤ ኮርኒስ ካለና ክፍተቱ ከተደፈነ 2 ኪሎ ይበቃል። እንጨቱ ፀሐይ ያገኘውና የደረቀ የባሕር ዛፍ ቢሆን ይመረጣል። በዞኑ ተራሮች ላይ ኅብረተሰቡ ከልሎ ያስመለሰውን ቁጥቋጦ፣ ወይራውንና ጽዱን ለማገዶ መቁረጥ የአፈር ጥበቃውን ሥራ ወደ ኋላ ይመልሳል። ከሰል ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ በአፈር ተዳፍኖ አንድ ኪሎ ከሰል ለማክሰል 5 ኪሎና ከዚያ በላይ እንጨት ይፈጃል። ኩበት ይነዳል፤ ዳሩ ግን የሚነደው የማሳው ፍግ ነው።

ቡታ ጋዝና ነጭ ጋዝ

ጭስ ማውጫ የሌላቸው የቡታ ጋዝና የነጭ ጋዝ ማሞቂያዎች ሰው ነቅቶ በሚጠብቃቸውና መስኮት በከፊል በሚከፈትበት ክፍል ለአጭር ጊዜ ሊያገለግሉ ይችላሉ። ለመኝታ አይሆኑም። ሌላም ጉድለት አላቸው፤ አንድ ኪሎ ቡታ ጋዝ ሲነድ ከአንድ ተኩል ሊትር በላይ ውሃ በተን መልክ ወደ ክፍሉ ይለቃል። ይህ እርጥበት በቀዝቃዛው ግድግዳና በቆርቆሮው ሥር ጤዛ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የተነጠለው ክፍል የዘር ወይም የእህል ማስቀመጫም ስለሚሆን፣ ጤዛው እህሉን ለሻጋታ ያጋልጣል።

የእናቶች ማቆያና የአራስ ክፍል

ከተነጠሉ ክፍሎች ሁሉ ልዩ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ይህ ነው። የመውለጃ ቀናቸው የተቃረበ፣ መኖሪያቸው ከጤና ጣቢያ የራቀ እናቶች የሚቆዩበት ክፍል አንዳንድ ሳምንት ባዶ፣ አንዳንድ ሳምንት ሙሉ ይሆናል። አዲስ የተወለደ ሕፃን የራሱን ሙቀት መጠበቅ ስለማይችል፣ የዓለም ጤና ድርጅት የማዋለጃ ክፍል ሙቀት ከ25 ዲግሪ እንዳያንስ ይመክራል። ይህ በደጋ ሌሊት በቀላሉ የማይገኝ ሙቀት ነው። ለአራስ ክፍል ከሰል ማስገባት በብዙ አካባቢ የተለመደ በመሆኑም እናትና ሕፃን ለጋዙ ይጋለጣሉ። ነፍሰ ጡር ሴት ስትመረዝ በማሕፀን ያለው ፅንስ ከእርሷ ይበልጥ ይጎዳል።

በመሆኑም ጤና ጣቢያው መስመር ካለው ኮርኒስ፣ የተለየ የኤሌክትሪክ መስመርና በዘይት የተሞላ ማሞቂያ ከማንኛውም ዕቃ ቀድመው ለዚህ ክፍል ሊሟሉለት ይገባል። መብራት ሲጠፋ ሕፃኑን አድርቆ፣ ኮፍያ አልብሶ፣ ራቁት ገላውን በእናቱ ደረት ላይ አስተኝቶ ሁለቱን በጋቢና በብርድ ልብስ መሸፈን ከየትኛውም ምድጃ የተሻለና አስተማማኝ ሙቀት ይሰጣል። ለአዋቂዎች በላስቲክ ከረጢት የሚሞላ ሙቅ ውሃ አልጋን ያሞቃል። በሰቆጣ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ቢሆንም ቆዳን ከማቃጠል ስለማያንስ፣ ከረጢቱ በጨርቅ መጠቅለልና ሕፃን ካለበት አልጋ መራቅ አለበት።

ከሰል ብቻ በሚገኝበት ቦታ

ሌላ አማራጭ በሌለበት ቦታ ከሰል ለማሞቂያ የሚውል ከሆነ፣ ሰው ከመግባቱ በፊት በርና መስኮት ተከፍቶ ክፍሉን ማሞቅ፣ ለመኝታ ሲታሰብ ምድጃውን ከነፍሙ ወደ ውጭ ማውጣት፣ ከዚያም አየሩ እስኪለወጥ በሩን ለጥቂት ደቂቃ ክፍት ማቆየት ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ከሙቀቱ ጥቂት ይባክናል። አመድ የለበሰ ፍም የጠፋ ቢመስልም ጋዝ ማውጣቱን ስለማያቆም፣ ምድጃውን በአልጋ ሥር ወይም በክፍሉ ጥግ ትቶ መተኛት አይገባም። ወደ ውጭ የወጣውም ምድጃ ከበሩና ከመስኮቱ ራቅ ብሎ፣ ነፋስ ፍንጣሪውን ወደ ሳር ክዳን ወይም ወደ ጭድ ክምር በማይወስድበት ቦታ ይቀመጣል።